አዮዲንና ስታርች፦ የአንድ ቀለም የሁለት መቶ ዓመት ጉዞ

የተቆረጠ ድንች ላይ አዮዲን ጠብ ሲል ጥቁር ሰማያዊ እንደሚሆን በትምህርት ቤት ያላየ፣ ቢያንስ ከመጽሐፍ ያላነበበ ተማሪ ጥቂት ነው። ጤና ጣቢያ ቁስል ላይ የሚቀቡትን ቡናማ ፈሳሽ ሁሉም ያውቀዋል። በዶላር ኖት ላይ መስመር እያሰመሩ ትክክለኛነቱን የሚፈትሹበትን ብዕር ያየ አለ። ቤቱ መጥተው የወጥ ቤቱን ጨው በጠብታ የፈተሹለትም ብዙ ነው። አራቱም የአንድ ታሪክ ቁርጥራጮች ናቸው። ታሪኩ ግን ከምግብ አይጀምርም፤ ከጦርነት ይጀምራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1811–1813፦ ከባሩድ አምራቹ ቤት የወጣው ወይን ጠጅ ጢስ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ናፖሊዮን አውሮፓን ሲያምስ ፈረንሳይ ባሩድ አጥብቃ ትፈልግ ነበር። የባሩድ ዋና ግብዓት ፖታሲየም ናይትሬት ነው፤ እሱን ለማምረት ደግሞ የእንጨት አመድ ያስፈልጋል። እንጨቱ እየጠፋና እየተወደደ ሲመጣ አምራቾች ፊታቸውን ወደ ባሕር አዞሩ። በኖርማንዲና በብሪታኒ ዳርቻዎች ማዕበል የሚተፋውን የባሕር አረም አድርቀው እያቃጠሉ በአመዱ መጠቀም ጀመሩ።

በርናርድ ኩርቷ ከእነዚህ አምራቾች አንዱ ነበር። ሙያውን ከአባቱ ወርሷል፤ ኬሚስትሪውንም በፓሪስ ከታወቁ ሊቃውንት ሥር ሆኖ ተምሯል። የአረሙ አመድ የመዳብ ዕቃዎቹን እየበላ ያስቸግረው ስለነበር ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ ያጸዳ ነበር። በ1811 መጨረሻ ገደማ አንድ ቀን የአሲዱ መጠን ከወትሮው በዛና ከዕቃው ደማቅ ወይን ጠጅ ጢስ ተነሣ። ጢሱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ወደ ፈሳሽነት አልተለወጠም፤ ጥቁር፣ እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ሆኖ ተለጠፈ እንጂ።

ኩርቷ አዲስ ነገር እንዳገኘ ጠርጥሯል። ምርምሩን የሚገፋበት ገንዘብና ጊዜ ግን አልነበረውም። ቅንጣቱን ለሁለት ወዳጆቹ፣ ለዴዞርምና ለክሌማን ሰጣቸው፤ እነሱም በኅዳር 1813 መጨረሻ በፓሪስ ሊቃውንት ፊት ይፋ አደረጉት። በዚያው ሰሞን እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ፓሪስ ነበር። ሁለቱ አገሮች እየተዋጉ እሱ ከናፖሊዮን የይለፍ ወረቀት አግኝቶ፣ ወጣቱን ማይክል ፋራዴይን ረዳት አድርጎና የኬሚካል ሣጥኑን ይዞ ገብቷል። ፈረንሳዊው ሊቅ አምፔር ከቅንጣቱ ጥቂት አቀበለው። ፈረንሳዊው ጌ ሉሳክና ዴቪ በሳምንታት ውስጥ እየተሽቀዳደሙ ነገሩ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋገጡ። ጌ ሉሳክ ስሙን ከጢሱ ቀለም ወሰደው፤ አዮዲን ተባለ። ኩርቷ በ1831 የ6,000 ፍራንክ ሽልማት ቢሰጠውም በ1838 የሞተው በድህነት ነው። ባለ ግኝቱን ሳይሆን ግኝቱን ማበልጸግ ዓለም የለመደችው ነገር ነው።

1814–1826፦ ሰማያዊው ብቅ አለ

አዲስ ንጥረ ነገር ሲገኝ ኬሚስቶች ያኔ የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ እጃቸው ላይ ካለው ነገር ሁሉ ጋር እየቀላቀሉ ያዩታል። ዣን ዣክ ኮላንና ጎልቲዬ ደ ክሎብሪ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን አዮዲንን ከዕፅዋትና ከእንስሳት ከሚገኙ ነገሮች ጋር እያሹ ሞከሩት። በ1814 ስለ ውጤቱ ሲጽፉ ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ስታርች ነበር። ስኳር ምንም አላሳየም፤ ስታርች ግን ከአዮዲን ጋር እንደተገናኘ ሰማያዊ ሆነ። እንደ መጠናቸውም ቀለሙ ወደ ቀይ ወይም ወደ ጥቁር ያዘነብላል። በጀርመን የጎቲንገኑ ፍሪድሪክ ሽትሮማየር ያንኑ ለብቻው አስተዋለ፤ ጥቅሙንም ወዲያው ተረዳ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚገለብጡትን ነገር እናቃናው። ሽትሮማየርና ጓደኞቹ ፍለጋቸው ስታርች አልነበረም። ስታርችማ በየዳቦው፣ በየድንቹ ሞልቷል። የሚፈልጉት አዮዲንን ነበር። አዲሱ ንጥረ ነገር በየትኛው ምንጭ፣ በየትኛው የባሕር አረም ውስጥ እንዳለ ለማወቅ ስታርችን መፈተሻ አደረጉት። ውሃ ውስጥ ያለው አዮዲን በዓይን የማይታይ ጥቂት ቢሆን እንኳ ስታርቹ ያጋልጠዋል።

ይህ ፍለጋ ሁለት ያልተጠበቁ ፍሬዎች አፈራ። የመጀመሪያው በሕክምና ነው። በተራራማው የአልፕስ አገር እንቅርት የተለመደ ሕመም ሲሆን የቆየው መድኃኒት ደግሞ የተቃጠለ የባሕር ሰፍነግ ነበር። የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኩዋንዴ በሰፍነጉ ውስጥ ያለው ፈዋሽ አዮዲን ሳይሆን አይቀርም ብሎ በ1820 አዮዲንን በቀጥታ ለሕሙማን መስጠት ጀመረ። ሁለተኛው ፍሬ አንቷን ባላር ነው። በሞንፔልዬ የሚሠራው ይህ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት የባሕር አረም አመድ ያጠለለበትን ውሃ በክሎሪንና በስታርች ሲፈትሽ እንደተለመደው ሰማያዊውን አየ። ከሰማያዊው በላይ ግን ቢጫ ሽፋን ነበር። ሌላ ሰው ችላ ሊለው ይችል ነበር፤ ባላር ግን ቢጫውን ተከትሎ በ1826 ብሮሚን የተባለውን ንጥረ ነገር አገኘ። ታላቁ የጀርመን ኬሚስት ሊቢግ ቀደም ብሎ ይህንኑ ነገር በጠርሙስ ይዞ ሳለ የአዮዲንና የክሎሪን ውሁድ መስሎት እንዲያ ብሎ ጽፎበት ነበር። ጠርሙሱንም ለራሱ ማስታወሻ አስቀመጠው ይባላል።

1825–1833፦ ፍተሻው ተገለበጠ

ስታርች አዮዲንን የሚያጋልጥ ከሆነ አዮዲንም ስታርችን ያጋልጣል። ይህንን ቀድሞ የተጠቀመበት ፍራንሷ ቬንሳን ራስፓይ ይባላል። ፓሪስ ውስጥ በማስጠናት ኑሮውን የሚገፋ፣ ሹመትም ሀብትም ያልነበረው ሰው ነው፤ ኋላ ወደ ፖለቲካ ገብቶ እስር ቤት የተመላለሰ፣ በ1848 ለፕሬዝዳንትነት የተወዳደረ፣ ዛሬ ፓሪስ ውስጥ ትልቅ ጎዳና በስሙ የሚጠራ። በ1825 የእህል አበባና ፍሬን በስሱ እየቆረጠ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጠና አዮዲን ጠብ አደረገበት። ስታርቹ ባለበት ሁሉ ሰማያዊ ነጠብጣብ ወጣ። እስከዚያ ድረስ የአንድ ነገር ይዘት የሚታወቀው ተፈጭቶ፣ ተቀቅሎ፣ ተቃጥሎ ነበር። አሁን አንድ ነገር ዕፅዋቱ ሳይፈርሱ በየትኛው ክፍላቸው ውስጥ እንደተቀመጠ ማየት ተቻለ። የዛሬዎቹ የሕክምና ቤተ ሙከራዎች ሥጋ በስሱ ቆርጠው፣ ቀለም አጠጥተው በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ የሚሄዱት ራስፓይ በጀመረው መንገድ ነው።

አንድ ተግባራዊ ችግር ነበር፤ አዮዲን በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። በፓሪሱ ሴን ሉዊ ሆስፒታል የሚሠራው ሐኪም ዣን ሉጎል በ1829 አዮዲንን ከፖታሲየም አዮዳይድ ጋር በውሃ በጠበጠው፤ ያኔ በደንብ ሟሟ። ሉጎል ያዘጋጀው ለነቀርሳ ሕሙማን ነበር። ነቀርሳውን አላዳነም፤ ፈሳሹ ግን በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ እስከ ዛሬ አለ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። ስታርች የት እንዳለ ከታወቀ ዘንዳ የት ይሄዳል? በ1831 ጀርመናዊው ሎይክስ የሰው ምራቅ ስታርችን ወደ ስኳር እንደሚለውጥ አሳየ። በ1833 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ የስኳር ፋብሪካ ይመራ የነበረው አንሴልም ፓየንና ባልደረባው ፔርሶ ከብቅል ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ለዩ። ጥቂቱ ብቻ ከራሱ ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ስታርችን ያቀልጣል፣ ወደ ስኳርም ይለውጣል። ዳያስቴስ አሉት፤ ሰው ለይቶ ያወጣው የመጀመሪያው ኢንዛይም ነው። የእኛ ጠላ ጠማቂዎች ብቅል የሚጨምሩት ለዚሁ ነው፤ እርሾው ስኳሩን እንጂ ስታርቹን አይበላም።

ለውጡ ሲካሄድ ማየት ከዚህ ሁሉ የበለጠ ይማርካል። የቢራ ጠማቂ ዛሬም እንዲህ ያደርጋል። ብቅሉ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ሳለ ከፈሳሹ ጥቂት ቀድቶ ነጭ ሸክላ ሳህን ላይ ያንጠባጥባል፤ አጠገቡ አንድ ጠብታ አዮዲን። መጀመሪያ ጥልቅ ሰማያዊ። ቆይቶ ሲደግመው ወይን ጠጅ። ከዚያ ቀይ ቡናማ። በመጨረሻ ቀለሙ አይለወጥም፤ አዮዲኑ የራሱን ቢጫ ቡናማ እንደያዘ ይቀራል። ስታርቹ አልቋል ማለት ነው፤ ጠማቂው ወደሚቀጥለው ሥራ ይሄዳል። በሰማያዊውና በባዶው መካከል ያለው ቀይ የምን ቀለም ነበር? ስታርችም አይደለም፣ ስኳርም አይደለም፤ በመካከል ያለ ቁራጭ ነው። ለምን ቀይ እንደሚሆን ግን መቶ ዓመት ያህል የመለሰ አልነበረም።

1850–1859፦ በሰናፍጭ ቆርቆሮና በሬሳ ምርመራ ክፍል

የለንደን ነጋዴ በዚያ ዘመን ያላደባለቀው ነገር አልነበረም። ሐኪሙ አርተር ሂል ሃሳል በ1850 ከሱቅ የገዛውን ቡና በማይክሮስኮፕ አይቶ ሌላ ሥር ተፈጭቶ እንደተጨመረበት አወቀ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ ቶማስ ዋክሊ ይህን ሲሰማ ነገሩን በዘመቻ መልክ ያዘው። ከ1851 እስከ 1854 ሃሳል በየሱቁ የሚሸጠውን እየገዛ መረመረ፤ መጽሔቱም ውጤቱን ከነሻጩ ስምና አድራሻ አወጣ። ይህ ድፍረት የሚያስገርም ነው፤ ዛሬ ላይ ስንቱ ጋዜጣ ይደፍረዋል?

አዮዲን እዚህ ቦታ ላይ ሁነኛ ምስክር ሆነ። ሰናፍጭ በተፈጥሮው ስታርች የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከቆርቆሮው የወጣው ዱቄት አዮዲን ሲነካው ሰማያዊ ከሆነ ስንዴ ገብቶበታል። ሃሳል የመረመረው ሰናፍጭ ስንዴ ዱቄት የተደባለቀበት፣ ቢጫው እንዳይደበዝዝ ደግሞ እርድ የተጨመረበት ነበር። ካካዎውም እንደዚሁ በስታርች በዝቶ ተገኘ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1860 የመጀመሪያውን የምግብ ማጭበርበር ሕግ፣ በ1875 ደግሞ ጠንከር ያለውን አወጣ።

በዚያው አሥር ዓመት የጀርመኑ ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ በሌላ ቦታ አዮዲን ያንጠባጥብ ነበር። በ1854 ከሞተ ሰው አንጎል የወሰዳቸው ክብ ክብ ቅንጣቶች በአዮዲን ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመርባቸው ወይን ጠጅ ሆኑ። የዕፅዋት ሴሉሎስም በእነዚህ ሁለቱ እንዲህ እንደሚሆን ይታወቅ ነበርና ቪርኾ በሰው ገላ ውስጥ የዕፅዋት ዓይነት ነገር እንዳገኘ አመነ። ስታርች መሰል ለማለት አሚሎይድ ብሎ ሰየመው። በ1859 ፍሪድራይክና ኬኩሌ በበሽታ ተሞልቶ ከጠነከረ ጣፊያ ያንን ነገር አውጥተው ይዘቱን ተነተኑ። ናይትሮጅን አለው፤ ፕሮቲን ነው እንጂ ስታርችም ሴሉሎስም አይደለም። ቀለሙ አሳስቷል። ስሙ ግን አልተነሣም። ዛሬ በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ ስለሚከማቸው አሚሎይድ ስንሰማ የምንሰማው የዚያን ዘመን ስህተት ነው።

ቪርኾ ፈልጎ ያጣውን፣ ማለት በእንስሳ ገላ ውስጥ ያለ እውነተኛ ስታርች መሰል ነገርን፣ ያገኘው ክሎድ ቤርናር ነው። በፓሪስ የሚያስተምረው ይህ ሐኪም በ1855 የእንስሳ ጉበት ወስዶ ስኳሩ ሁሉ እስኪወጣ በውሃ አጠበው። በማግስቱ ሲያየው ስኳር ተመልሶ ነበር። ደም የማይደርሰው፣ ምግብ የማይገባው ጉበት ስኳር ከየት አመጣ? ውስጡ ካስቀመጠው ነው። ያንን ተቀማጭ በ1857 ለይቶ አወጣና ግላይኮጅን አለው። አዮዲን ሲነካው እንደ ድንች ሰማያዊ አይሆንም፤ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። የጠማቂው ሳህን ላይ ከታየው ቀለም ጋር መመሳሰሉን ልብ ይሏል።

የኬሚስቶቹን ቤት ደግሞ ሮበርት ቡንሰን በ1853 ለወጠው። ነጭ ማጽጃን ጨምሮ ብዙ ነገሮች አዮዲንን ከአዮዳይድ ነጻ ያወጣሉ። የወጣውን አዮዲን ለክቶ የእነሱን መጠን ማወቅ ይቻላል። ልኬቱ የሚያልቀው መቼ ነው ቢሉ ስታርቹ ያሳያል፤ ሰማያዊው በአንዲት ጠብታ ድርግም ሲል። ይህ ዘዴ ወደ ጨው ስንመጣ እንደገና ያገኘናል።

1862–1914፦ ቅጠሉ ቀን የሚሠራው፣ ሌሊት የሚያወጣው

ዕፅዋት በብርሃን አየር እንደሚያጸዱ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር። ከአየሩ ወስደው ምን እንደሚሠሩበት ግን ግልጽ አልነበረም። የዕፅዋት ተመራማሪው ዩሊዩስ ዛክስ በ1860ዎቹ በቦን አቅራቢያ በሚገኝ የግብርና ኮሌጅ ሲያስተምር ይህንን ያዘ። በቅጠል አረንጓዴ ቅንጣቶች ውስጥ ስታርች ይታያል፤ ተክሉ ጨለማ ውስጥ ሲውል ስታርቹ ይጠፋል፤ ብርሃን ሲያገኝ ይመለሳል። ስለዚህ ስታርቹ በብርሃን የሚሠራ ነው።

ዛክስ በኋላ ቩርትስቡርግ ሆኖ በ1884 ያሳተመው ዘዴ አሁን በየባዮሎጂ መማሪያው ያለው ነው። ቅጠሉ መጀመሪያ በሚፈላ ውሃ ይነከራል፤ ይሞታል፣ ይለሰልሳል። ቀጥሎ በሞቀ አልኮል ይቀመጣል፤ አረንጓዴው ወጥቶ አልኮሉን ሲያቀልመው ቅጠሉ ነጣ ብሎ ይቀራል። ከዚያ አዮዲን። ማታ የተቀጠፈ ቅጠል ጥቁር ለማለት ጥቂት እስኪቀረው ይጠቁራል። ከዚያው ተክል ጎህ ሲቀድ የተቀጠፈው ገርጥቶ ይቀራል። ቅጠሉ ቀን ያከማቸውን ሌሊት ወደ ሥሩና ወደ ግንዱ ልኮታል። ገበሬ በዓይኑ የማያየውን የአዝመራ ሥራ ዛክስ በሁለት ቅጠል አሳየ። የመምህራን ምክር እዚህ ላይ ይጨመር፤ አልኮል በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፣ በሙቅ ውሃ ውስጥ ይሞቃል እንጂ።

የኦስትሪያው ሃንስ ሞሊሽ ነገሩን ወደ ጨዋታ ወሰደው። በ1914 ቅጠል ላይ የፎቶግራፍ ኔጌቲቭ ለጥፎ ፀሐይ ላይ አዋለው። ቅጠሉን በዛክስ ዘዴ ነጭ አድርጎ አዮዲን ሲያፈስበት ፎቶው በስታርች ተስሎ ወጣ።

1903–1944፦ ለምን ሰማያዊ?

ከኮላንና ከጎልቲዬ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ሲያልፍ ሁሉም በቀለሙ ይጠቀማል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ግን የለም። ኬሚካዊ ውህደት ነው የሚሉ ነበሩ፤ አዮዲኑ ዝም ብሎ ስታርቹ ላይ የተለጠፈ ነው የሚሉም ነበሩ። ፍንጮች ግን ተከማችተዋል። ሰማያዊው ሲሞቅ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። በ1903 ማኬንና ሩ የተባሉ ፈረንሳውያን ስታርች አንድ ነገር ሳይሆን የሁለት ነገሮች ድብልቅ ነው ብለው ተነሡ።

ትልቁ ፍንጭ ከበቆሎ እርሻ መጣ። ከቻይና የመጣ፣ ፍሬው እንደ ሰም የሚመስል በቆሎ ነበር። በ1922 አሜሪካዊው ፖል ዌዘርዋክስ ስታርቹ በአዮዲን ሰማያዊ ሳይሆን ቀይ እንደሚሆን ጻፈ። ዘር አዳቃዮች ይህን ይዘው አንድ የሚያስደንቅ ነገር አዩ። ሰም መሰሉን በቆሎ ከተራው ጋር አዳቅለው የድቅሉን የወንዴ ዱቄት በአዮዲን ሲቀልሙት ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቀይ ሆነ። የውርስ ሕግጋትን ያገኘው ሜንዴል የአተርን ልጆችና የልጅ ልጆች ቆጥሮ የደረሰበትን ሕግ እነሱ በአንድ አበባ ዱቄት ላይ በዓይናቸው አዩት። የዚህን ያህል ቀጥተኛ ማስረጃ በዘር ጥናት ታሪክ ብዙ የለም።

በቪየና ደግሞ ቫልተር ሺለር የቤርናርን ቡናማ ወደ ማሕፀን ምርመራ ወሰደው። ጤነኛው የማሕፀን በር ሽፋን ግላይኮጅን ስላለው በአዮዲን ጥቁር ቡናማ ይሆናል። ወደ ካንሰር የሚሄደው ክፍል ግላይኮጅኑን ጨርሷልና ገርጥቶ ይቀራል። ሐኪሙ የሚፈልገው ያልቀለመውን ቦታ ነው። ሺለር ይህን በ1920ዎቹ መጨረሻ አስተዋወቀ፤ ውድ መሣሪያ በሌለባቸው የዓለም ክፍሎች በሉጎል ፈሳሽ የሚደረገው ምርመራ ዛሬም አለ።

ለምን ሰማያዊ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከታትሎ መጣ። በ1937 ቻርልስ ሄንስ የስታርች ሰንሰለት ቀጥ ያለ ሳይሆን የተጠመዘዘ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። በ1939 የሃይደልበርጉ ካርል ፍሮይደንበርግ አዮዲኑ በጥምዝምዙ ውስጥ ይገባል አለ። በ1940 በጄኔቫ ኩርት ማየር ሁለቱን የስታርች ክፍሎች አጥርቶ ለየ፤ ቅርንጫፍ አልባው አሚሎስ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው አሚሎፔክቲን። በ1943 እና በ1944 ሮበርት ራንድልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አዮዋ በኤክስሬይ አረጋገጡት። አሚሎስ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው፤ እንደ እስክሪብቶ ሞላ ይጠመዘዛል፣ በእያንዳንዱ ዙር ስድስት ግሉኮስ። በመሐሉ ባለው ክፍተት የአዮዲን አቶሞች በሰልፍ ይደረደራሉ። ሰልፉ ሲረዝም የሚውጠው ብርሃን ይለወጣል፤ ቢጫና ቀዩን ሲውጠው ለዓይናችን የሚቀረው ሰማያዊ ነው።

ያለፈው ሁሉ አሁን ቦታ ቦታውን ያዘ። የጠማቂው ቀይ በኢንዛይም የተቆራረጠ አጭር ሰንሰለት ነው፤ አጭር ሰንሰለት አጭር ሰልፍ ይይዛል። ከዚያ ሲያጥር የሚይዘው የለም፤ ስለዚህ ስኳር ላይ ቀለም አይታይም። አዮዲን እዚያ ዝም ስለሚል ለስኳር መፈተሻ የሚያገለግሉት የፌሊንግና የቤኔዲክት ፈሳሾች ናቸው። ግላይኮጅንና የሰም መሰሉ በቆሎ አሚሎፔክቲን ቅርንጫፋቸው ስለሚበዛ ረጅም ሰልፍ አያስተናግዱም፤ ቀይና ቡናማ ይሆናሉ። ሙቀት ጥምዝምዙን ስለሚያላላው ሰማያዊው ይጠፋል። ተማሪ ትኩስ ድንች ላይ አዮዲን ጠብ አድርጎ «አልሠራም» ቢል እስኪበርድ ይጠብቅ።

1990ዎቹ–2016፦ ከዶላር ብዕር እስከ ክሪስታል

የዶላር መፈተሻው ብዕር በ1990ዎቹ ገበያውን ሞላ። ውስጡ አዮዲን ነው። የአሜሪካ ኖት ከጥጥና ከተልባ እግር ጭረት የተሠራ፣ ስታርች የሌለበት ወረቀት ሲሆን ተራው ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ ስታርች አለው። በእውነተኛው ላይ መስመሩ ቢጫ ይሆናል፤ በተራው ላይ ይጠቁራል። ነገር ግን አጭበርባሪው እውነተኛ የአምስት ዶላር ኖት አጥቦ መቶ ዶላር ካተመበት ብዕሩ ያልፈዋል። ብዕሩ የሚጠይቀው «ስታርች አለህ?» ብሎ ብቻ ነው፤ ስለ ገንዘቡ የሚያውቀው ነገር የለም። ዶላር የሚመነዝር ሰው በብዕር መስመር ብቻ ባይተማመን ይሻለዋል።

ወደ ቀለሙ ምክንያት ስንመለስ፣ ራንድልም የመጨረሻውን ቃል አልተናገረም። አዮዲኑ በጥምዝምዙ ውስጥ በሦስት በሦስት ነው ወይስ በአምስት በአምስት ተያይዞ የሚቀመጠው ወይስ ሳይቋረጥ? ስታርች ጥሩ ክሪስታል ስለማይሠራ በትክክል ማየት አስቸጋሪ ነበር። በ2016 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ያሉ ተመራማሪዎች በስታርች ፈንታ ሌላ ካርቦናዊ ውሁድ ከአዮዲን ጋር አዋሕደው የጠራ ክሪስታል አገኙ። በውስጡ የታየው መቋረጫ የሌለው ረጅም የአዮዲን ሰንሰለት ነበር፤ ብርሃን አዋዋጡም ከስታርቹ ሰማያዊ ጋር ይቀራረባል። በ1814 ለተጻፈው ነገር ማብራሪያ እየተጨመረ ያለው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው።

1922–2016፦ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ጨውና እንቅርት

የኩዋንዴ እንቅርት ጉዳይ መቋጫ ያገኘው በጨው ነው። ስዊዘርላንድ በ1922፣ አሜሪካዊቷ ሚሺጋን በ1924 አዮዲን የተጨመረበት ጨው ማከፋፈል ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ፍተሻው እንደገና ተገለበጠ። የሽትሮማየር ጥያቄ ተመለሰ፤ እዚህ ውስጥ አዮዲን አለ? መላሹም እንደገና ስታርች ሆነ።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንቅርት የደጋው ሰው የቆየ ሕመም ነው። ዝናብ ያጠበው አፈር አዮዲኑን ስለሚያጣ በእህሉም አይገኝም። የእናት አዮዲን ማነስ ደግሞ አንገት ላይ ከሚታየው እብጠት ይልቅ የሚጎዳው በማሕፀን ያለውን የሕፃን አእምሮ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2011 ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ቁጥር 204 አወጣ። የአገሪቱ ጨው በብዛት የሚመጣው ከአፋር፣ በተለይም ከአፍዴራ ስለሆነ ሥራው እዚያ ተጀመረ።

ውጤቱ በየቤቱ የተለካው በዚያው ቀለም ነው። የሕዝብና የጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤቱ ጨው ቆንጥረው አንድ ጠብታ ያፈሱበታል። በጠብታው ውስጥ ስታርች፣ አዮዳይድና ጥቂት አሲድ አለ። ጨው ውስጥ የተጨመረው ፖታሲየም አዮዴት ከአዮዳይዱ ጋር ሲገናኝ አዮዲን ይወጣል፤ ስታርቹ ይይዘዋል፤ ጨዉ ወዲያው ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ይሆናል። በ2011 ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት ለመጣ ለውጥ ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

ጠብታዋ ግን «አለ» ወይም «የለም» ትላለች እንጂ «በቂ ነው» አትልም። መጠኑን ለማወቅ ጨዉ ቤተ ሙከራ ገብቶ በቡንሰን ፈለግ መለካት አለበት፤ እዚያም የልኬቱን መጨረሻ የሚያበሥረው የስታርቹ ሰማያዊ መጥፋት ነው። ከፋብሪካ በቂ አዮዲን ይዞ የወጣ ጨው ደግሞ በእርጥበትና በፀሐይ ላይ ሲከርም ይቀንሳል። ስለዚህ ጨዋችሁን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃና ከመስኮት አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ላይም ከእሳት ሊወርድ ሲል ጨምሩት።